ቀስቱ ወዴት ይሄዳል? ሙቀት እንዴት እንደሚተላለፍ ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ማስተማር

ለዓመታት ይህን ትምህርት የምጀምረው ሰሌዳ ላይ ሦስት ቃል በመጻፍ ነበር። ኮንዳክሽን (በንክኪ)፣ ኮንቬክሽን (በፍሰት)፣ ራዲየሽን (በጨረራ)። ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ያጠናሉ፣ ፈተና ላይም በትክክል ይመልሳሉ። አንድ ቀን ግን ፈተናውን አርሜ ከመለስኩ በኋላ አንዲት ተማሪ መጣችና "መምህር፣ በረዶ ሹራብ ውስጥ ቢጠቀለል ቶሎ ይቀልጣል አይደል? ሹራብ እኮ ያሞቃል" አለችኝ። ከክፍሉ ከፍተኛውን ውጤት ያመጣችው ልጅ ነበረች።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ከሦስቱ ቃላት በፊት መያዝ ያለበት አንድ ሐሳብ አለ። ሙቀት አቅጣጫ አለው። ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል፤ መጠነ ሙቀታቸው እኩል እስኪሆን ድረስ። ይህ ሳይገባ የቀረው ሁሉ የቃል ጥናት ነው። ስለዚህ አሁን የማስተምረው በቀስት ነው። ተማሪው የሚሥለው ሥዕል ሁሉ ላይ ሙቀት ከየት ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ ቀስት ይኖራል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል አምስት ወይም ስድስት ክፍለ ጊዜ ይፈጃል፤ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ያህል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ጥቂት ቴርሞሜትሮች፣ በረዶ፣ ሙቅ ውሃ፣ የምግብ ቀለም፣ አፋቸው ሰፊ የሆነ አራት ተመሳሳይ የመስታወት ብልቃጦች፣ ወፈር ያለ የአሉሚኒየም ትሪ፣ የእንጨት መክተፊያ፣ ሁለት ባዶ ጣሳዎች፣ የአሉሚኒየም ፎይል፣ ሹራብ፣ ክር ያለው የድሮው ዓይነት አምፖል። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም፤ ከፊቱ የሚወጣው ሙቀት ትንሽ ስለሆነ ልጆቹ ምንም አይሰማቸውም።

ስለ ደኅንነት ሁለት ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ክፍል ውስጥ አታስገቡ። ቢሰበር መርዛማ ነው፤ የአልኮሉ ይበቃል። ሌላው፣ ሙቅ ውሃ የሚቀዳው መምህሩ ብቻ ይሁን፤ ልጆች እጅ የሚገባው ውሃም ከ50 ዲግሪ አይብለጥ። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ቆዳን በጥቂት ሰከንድ ያቃጥላል። ከ50 በማይበልጥ ውሃ እዚህ ያሉት ሙከራዎች ሁሉ ይሠራሉ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ግምት አስጽፉ

ምንም ሳታስተምሩ ግቡ። እኩል መጠን ያላቸው ሁለት የበረዶ ቁራጮች አሳዩ። እያንዳንዱን ትንሽ ፌስታል ውስጥ ክተቱ። አንዱን በወፍራም ሹራብ ደህና አድርጋችሁ ጠቅልሉት፣ ሌላውን ጠረጴዛው ላይ እንዲሁ ተዉት። ከዚያ ጠይቁ። የትኛው ቀድሞ ይቀልጣል? ለምን?

ሁሉም ተማሪ ግምቱንና ምክንያቱን በጽሑፍ ያስቀምጥ። ይህ ነገር ቀላል ይመስላል፣ ግን ትልቅ ልዩነት አለው። በቃል ከሆነ ሁለት ደፋር ልጆች ይመልሳሉ፣ የቀረው ራሱን ይነቀንቃል። ከጻፈ ግን ሐሳቡ የራሱ ነው፤ ውጤቱን ለማየት ይጓጓል። "ልክ ነህ"፣ "ተሳስተሻል" አትበሉ። ወረቀቱን ብቻ ሰብስቡ።

ሹራቡን ማንም እንዳይነካው አድርጉና ወደ ቀጣዩ ደረጃ እለፉ። ለማቅለጥ የሚወስደው ጊዜ በክፍሉ ሙቀትና በበረዶው መጠን ይወሰናል፤ ስለዚህ ከክፍለ ጊዜው በፊት አንድ ጊዜ ለብቻችሁ ሞክሩት። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሁለቱንም ክፈቱ። ጠረጴዛው ላይ የቆየው አብዛኛው ውሃ ሆኗል። ከሹራቡ የወጣው ገና ጠንካራ ነው። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ክፍሉ ለአፍታ ጸጥ ይላል። ጸጥታውን ቶሎ አትስበሩት። ከልጆቹ አንዱ "ሹራቡ ሙቀቱን ከለከለው?" ይላል፤ ሌላው "ከየት የመጣውን ሙቀት?" ብሎ ይጠይቃል። የምትፈልጉት ይህን ጥያቄ ነው። ሹራብ ሙቀት አይሠራም። በክሮቹ መካከል የያዘው አየር የሙቀትን መንገድ ያዘገያል። ሰው ሲለብሰው ከሰውነት ወደ ውጭ የሚሄደውን፣ በረዶ ሲጠቀለልበት ከውጭ ወደ በረዶው የሚገባውን።

ደረጃ 2፦ ሁለቱን ቃላት ለዩ

በሩ ላይ የሚያደናቅፈን የራሳችን አነጋገር ነው። "የዛሬው ሙቀት 28 ዲግሪ ደረሰ" እንላለን። "እሳቱ ሙቀት ይሰጣል" ስንልም ያው ቃል ነው። በሳይንስ ቋንቋ የመጀመሪያው መጠነ ሙቀት ነው፤ በቴርሞሜትር የሚለካ፣ በዲግሪ የሚነገር። ሁለተኛው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ኃይል ነው፤ በጁል የሚነገር። ልጆቹ ቢደባልቁት አይግረማችሁ። የስኮትላንዱ ሳይንቲስት ጆሴፍ ብላክ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጥንቃቄ እስኪለያቸው ድረስ ሊቃውንቱም ይደባልቋቸው ነበር።

ልዩነቱን በአንድ ጥያቄ አሳዩ። አንድ ብርጭቆና አንድ ባልዲ ውሃ አለ፤ ሁለቱም 50 ዲግሪ ናቸው። የትኛው ብዙ በረዶ ያቀልጣል? ባልዲው መሆኑን ሁሉም ያውቃል። መጠነ ሙቀቱ እኩል ሆኖ የሚሰጠው ሙቀት ግን እኩል አይደለም።

ቀጥሎ 100 ሚሊ ሊትር የ50 ዲግሪ ውሃና 100 ሚሊ ሊትር የ20 ዲግሪ ውሃ ቀላቅሉ። ከመቀላቀላችሁ በፊት ግን ስንት እንደሚሆን አስገምቱ። "70" የሚል ልጅ መኖሩ አይቀርም፤ መጠነ ሙቀትን እንደ ብር ደምሮታል ማለት ነው። አታርሙት፣ ቴርሞሜትሩ ያርመው። በስሌት 35 መሆን አለበት። በተግባር ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ዝቅ ይላል። "የጎደለው የት ሄደ?" ብላችሁ ጠይቁ። ወደ ብርጭቆው፣ ወደ አየሩ፣ ወደ ቴርሞሜትሩ ራሱ። የመጀመሪያውን ቀስት የሚሥሉት እዚህ ላይ ነው፤ ከሙቁ ወደ ቀዝቃዛው።

"ብርድ" የሚለውን ቃል ሳታነሱት አትለፉ። "ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ" እንላለን። ልጆቹ ይህን እየሰሙ ነው ያደጉት፤ ስለዚህ ብርድ ራሱን የቻለ፣ የሚገባና የሚወጣ ነገር ይመስላቸዋል። አነጋገሩን ስሕተት አትበሉት፤ ውብ አማርኛ ነው። ሰሌዳ ላይ "ብርድ ገባኝ" ብላችሁ ጻፉና ከሥሩ "ሙቀት ከእኔ ወጣ" በሉ። ቤት ውስጥ የመጀመሪያውን እንናገራለን፣ የሳይንስ ደብተር ላይ ሁለተኛውን እንጽፋለን። በሩ ሲከፈት የሚገባው ቀዝቃዛ አየር ነው፤ አየር ነገር ነው፣ ቅዝቃዜ ግን የሙቀት ማነስ ነው።

ደረጃ 3፦ በንክኪ (ኮንዳክሽን)

ከሁሉም ሙከራ የምወደው ይህን ነው። የአሉሚኒየም ትሪውንና የእንጨት መክተፊያውን ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ጠረጴዛ ላይ አኑሩ። ልጆቹ በአንድ እጅ ትሪውን፣ በሌላው እንጨቱን ይንኩ። "የትኛው ይቀዘቅዛል?" ሁሉም ትሪው ይላል። "እንግዲያው በረዶ የትኛው ላይ ቶሎ ይቀልጣል?" አብዛኛው እንጨቱን ይመርጣል።

ሁለት እኩል የበረዶ ቁራጮች በአንድ ጊዜ አስቀምጡ። አሉሚኒየሙ ላይ ያለው ወዲያው መንሸራተት ይጀምራል። በዙሪያው የውሃ ቀለበት ይሠራል፣ ቀለበቱ ይሰፋል፣ በረዶው እየሳሳ ይሄዳል። እንጨቱ ላይ ያለው ለብዙ ደቂቃ ያው ነው። "በጣም ቀዝቃዛ" ያሉት ብረት በረዶውን አቀለጠው።

አሁን መጠነ ሙቀታቸውን ለኩ። ሁለቱም የክፍሉ መጠነ ሙቀት ላይ ናቸው። አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጣችሁ። በጨረር የሚለካውን ቴርሞሜትር የምትጠቀሙ ከሆነ የሚያብለጨልጭ ብረት ላይ የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል። ትሪውም እንጨቱም ላይ ወረቀት ፕላስተር ለጥፉና ፕላስተሩ ላይ ለኩ። ለሰው ግንባር የተሠራውም አይሆንም፤ የሚያነበው የሰውነት ሙቀት አካባቢ ያለውን ብቻ ነው።

ታዲያ እጃችን ምን ነገረን? ቆዳችን 33 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ክፍሉ ደግሞ 22 ይሆናል። ቀስቱ ከእጅ ወደ ትሪው ነው። አሉሚኒየም ሙቀትን ከእንጨት ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ በተሻለ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ከእጃችን ሙቀት ሲወስድ ቶሎ ነው። እጅ የሚሰማው ሙቀት የሚሄድበትን ፍጥነት ነው። የዕቃውን መጠነ ሙቀት አይለካም። ለጎበዞቹ ተጨማሪ ጥያቄ ስጡ፤ ሁለቱ ዕቃዎች ፀሐይ ላይ ውለው 50 ዲግሪ ቢደርሱ የትኛው ይበልጥ ይፋጃል? ብረቱ፤ አሁን ቀስቱ ወደ እጅ ተገልብጧል፣ ብረቱ ግን አሁንም ከእንጨቱ ይፈጥናል።

ከውስጥ የሚሆነውን ለማሳየት ስምንት ተማሪዎች ትከሻ ለትከሻ ይቁሙ። ከዳር ያለው ወዲያ ወዲህ ይወዛወዝ። እንቅስቃሴው እስከ ሌላው ዳር ይደርሳል፣ ከቦታው የሄደ ግን የለም። የዕቃው ቅንጣቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ይንቀጠቀጣሉ፣ ጎረቤታቸውን ይገፋሉ። ብረት ላይ ከዚህም በተጨማሪ በነጻ የሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሮኖች ኃይሉን ያጓጉዛሉ፤ ብረት ቀዳሚ የሆነው በዚህ ነው። ኳስ የማቀባበል ጨዋታ የሚጠቀሙ መምህራን አሉ። እኔ አልወደውም፤ ሙቀት በእጅ የሚያዝ ዕቃ ነው የሚል ሐሳብ ጥሎ ያልፋል።

የታወቀውን የማንኪያና የቅቤ ሙከራ መሥራት ከፈለጋችሁ የማይዝግ ብረት ማንኪያ አትምረጡ። መምህራን ማንኪያውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ጫፉ ላይ ቅቤ ይለጥፋሉ፤ ከእንጨቱ ማንኪያ ቀድሞ ይቀልጣል ብለው ይጠብቃሉ፤ ቅቤው አይንቀሳቀስም፣ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ምክንያቱም የማይዝግ ብረት ከሌሎች ብረቶች ጋር ሲወዳደር ደካማ አስተላላፊ ነው፤ መዳብ ከእሱ ከ20 ጊዜ በላይ ይበልጣል። መዳብ ወይም አሉሚኒየም ካገኛችሁ ግን ሙከራው ያምራል። የኔዘርላንዱ ሳይንቲስት ያን ኢንገንሃውስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ብረቶችን ያወዳደረው በዚሁ ዘዴ ነበር፤ ዘንጎችን ሰም ቀብቶ ሰሙ እስከምን ድረስ እንደቀለጠ እያየ።

ደረጃ 4፦ በፍሰት (ኮንቬክሽን)

አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ሰማያዊ የምግብ ቀለም የገባበት ውሃ አቀዝቅዛችሁ በረዶ አድርጉ። ግልጽ ዕቃ ውስጥ 40 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ውሃ ሙሉ። ከኋላው ነጭ ወረቀት አቁሙ። ውሃው እስኪረጋ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፤ ይህን ከዘለላችሁ የምታዩት ግርግር ብቻ ነው። ከዚያ በረዶውን በማንኪያ ቀስ ብላችሁ ላዩ ላይ አሳርፉ።

መጀመሪያ ከበረዶው ሥር አንድ ቀጭን ሰማያዊ ክር ይወርዳል። ከዚያ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ክሮቹ ይጠማዘዛሉ፤ ጫፋቸው ተዘርግቶ እንጉዳይ ይመስላል። ታች ሲደርሱ ወለሉ ላይ ይነጠፋሉ። ላዩ ግን በረዶው እዚያው እየተንሳፈፈ ግልጽ እንደሆነ ይቆያል። ልጆቹ በዝምታ ይመልከቱ፣ ከዚያ ያዩትን ይሣሉ። ማብራሪያው ከሥዕሉ በኋላ ይምጣ።

ማብራሪያው ይኸውላችሁ። ውሃ ወይም አየር ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ስለዚህ አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ከአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ትንሽ ይቀላል። ቀዝቃዛው ወደ ታች ይወርድና ሙቁን ከሥር ይገፋዋል። ሙቀቱን ተሸክሞ የሚጓዘው ውሃው ራሱ ነው።

ይህን በአራቱ ብልቃጦች አጠንክሩት። ሁለቱን በቀይ ሙቅ ውሃ (45 ዲግሪ ይበቃል)፣ ሁለቱን በሰማያዊ ቀዝቃዛ ውሃ እስከ አፋቸው ድረስ ሙሉ። የቀዩን አፍ በጠንካራ ፕላስቲክ ካርድ ክደኑና ገልብጣችሁ ሰማያዊው ላይ አቁሙት፤ ካርዱን በቀስታ ሳቡ። ቀይ ላይ፣ ሰማያዊ ታች፣ መካከላቸው ስለት የመሰለ መስመር። አሁን ሁለተኛውን ጥንድ በተቃራኒው፣ ሰማያዊውን ከላይ አድርጉ። ካርዱ ሲሳብ ወዲያው ይንቦጫረቅና ሐምራዊ ይሆናል። ትሪ ላይ ሥሩት፤ መጀመሪያ ለብቻችሁ ሁለት ሦስቴ ተለማመዱ፤ ትንሽ ውሃ መፍሰሱ አይቀርም።

በመጀመሪያው ጥንድ ቀዩ ለምን ቶሎ አልቀዘቀዘም? ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ካለ አድንቁት። ውሃ በንክኪ ሙቀት የሚያስተላልፈው በጣም በዝግታ ነው። ፍሰቱ ከቆመ ሙቀቱም ባለበት ይቆያል። አየርም እንደዚሁ ነው፤ ሹራብ የሠራው ሥራ ይኸው አየሩ እንዳይፈስ ማሰር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ከክፍላችሁ አስወጡ። "ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል" የሚለውን። ወደ ላይ የሚወጣው ትኩስ አየር ወይም ትኩስ ውሃ ነው። ሙቀት በብረት ዘንግ ውስጥ ወደ ታችም ወደ ጎንም ይሄዳል።

ደረጃ 5፦ በጨረራ (ራዲየሽን)

አምፖሉን አብሩ። ልጆቹ ተራ በተራ እጃቸውን ከአምፖሉ ጎን፣ 20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያኑሩ። ከላይ አይሁን፤ ከላይ ከሆነ የሚወጣው ትኩስ አየር ይቀላቀልበታል። አሁን በእጁና በአምፖሉ መካከል አንድ ካርቶን አስገቡ። ሙቀቱ በዚያው ቅጽበት ይቆማል። ካርቶኑን አንሱት፤ ወዲያው ይመለሳል። አየሩ ተጠያቂ ቢሆን ኖሮ እንዲህ በቅጽበት አይጠፋም ነበር።

ከዚያ ወደ ፀሐይ ውሰዷቸው። በእኛና በፀሐይ መካከል 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፤ አብዛኛው ባዶ ነው። የሚነካካ ቅንጣት የለም፣ የሚፈስ አየር የለም። ሙቀቱ ግን ከስምንት ደቂቃ ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ይደርሰናል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊልያም ኸርሼል እ.ኤ.አ. በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ቴርሞሜትር ሲያስቀምጥ፣ ከቀዩ አልፎ ምንም ብርሃን በማይታይበት ቦታ ያለው ይበልጥ ሞቀ። ዓይን የማያየው፣ ቆዳ ግን የሚያውቀው ጨረር ነው። እሱን የሚረጨው ፀሐይ ብቻ አይደለም። ጠረጴዛውም፣ ግድግዳውም፣ እኛም እንረጫለን።

ለልኬት አንዱን ጣሳ በጥላሸት ወይም በማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ቀቡ፣ ሌላውን በፎይል ሸፍኑ። እኩል ውሃ ጨምራችሁ ከአምፖሉ እኩል ርቀት ላይ አስቀምጡ። በየሁለት ደቂቃው ለ20 ደቂቃ ይለኩና በግራፍ ይሥሩ። ጥቁሩ ይቀድማል። ጊዜ ካላችሁ ሁለቱንም በሙቅ ውሃ ሞልታችሁ ያለ አምፖል የትኛው ቀድሞ እንደሚቀዘቅዝ አስገምቱ። አሁንም ጥቁሩ ነው፤ ደህና የሚቀበል ደህና ይሰጣል። በዚህኛው ሙከራ ግን በፎይሉ ፈንታ ነጭ የተቀባ ጣሳ አትጠቀሙ። ለዓይን ነጭ ቢሆንም በማይታየው ጨረር በኩል ከጥቁሩ ብዙም አይለይም፤ ልዩነት አታዩም።

ደረጃ 6፦ በረዶውን አድኑት

ተማሪዎችን በአራት በአራት መድቡ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ብርጭቆና እኩል መጠን ያለው በረዶ ስጡ። ጋዜጣ፣ ጨርቅ፣ ፎይል፣ ጥጥ፣ ካርቶን ይምረጡ። ከ40 ደቂቃ በኋላ የቀለጠው ውሃ ይለካል፤ ትንሽ የቀለጠበት ቡድን ያሸንፋል። ከመሥራታቸው በፊት ግን በሥዕል ያቅርቡ። በየትኛው መንገድ ሙቀት ሊገባ ይችላል? ለየትኛው ቀስት የትኛውን ዕቃ መደባችሁ? ያለ ቀስት ሥዕል ዕቃ አትስጡ። አንድ ቡድን ምንም ሳይሸፍን ይተወው፤ ያለ እሱ ማወዳደሪያ የላችሁም።

በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ፔርሙዝ ይዛችሁ ግቡ። ሳይንቲስቱ ጄምስ ዲዋር ይህን ዕቃ እ.ኤ.አ. በ1892 ሲሠራው ያሰበው እጅግ ቀዝቃዛ የሆኑ ፈሳሽ ጋዞችን ለማቆየት ነበር። ግድግዳው ድርብ ነው፤ በመካከሉ አየር ወጥቶለት ባዶ ስለሆነ ንክኪም ፍሰትም የለም። የሚያብለጨልጨው ገጽ ጨረሩን ይመልሳል። ክዳኑ ከላይ የሚወጣውንና የሚገባውን አየር ይዘጋል።

ፈተናው አንድ ጥያቄ ነው። ሁለት ፔርሙዝ ሣሉ፤ አንዱ ሙቅ ውሃ፣ አንዱ በረዶ የያዘ። የሙቀቱን መንገዶች በቀስት አሳዩ፤ እያንዳንዱን ቀስት ምን እንደሚያዘገየው ጻፉ። ስታርሙ ከስሞቹ በፊት ቀስቶቹን ተመልከቱ። የሙቁ ወደ ውጭ፣ የበረዶው ወደ ውስጥ መሆን አለበት። የበረዶውን ቀስት ወደ ውጭ የሣለ ልጅ ካለ፣ ሦስቱን ቃላት በትክክል ቢጽፋቸውም፣ ብርድ ሲወጣ እየታየው ነው። የመጀመሪያ ቀን ግምቱን ከሰበሰባችሁት ወረቀት መካከል ፈልጋችሁ ስጡት፤ ከሹራቡና ከበረዶው ጋር እንደገና ይጀምር።